የዶሮዎቼ ላባ ለምን ይረግፋል?

ጥያቄ፦ የዓምዱ አዘጋጆች፣ የቢሾፍቱ ነዋሪ ነኝ። በጓሮዬ ስድስት ቡናማ እንቁላል ጣይ ዶሮዎችና አንድ አውራ ዶሮ አሉኝ። ዶሮዎቹን በ45 ቀናቸው ከገዛኋቸው አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗል። ዐቢይ ጾም ሲገባ የእንቁላል ገበያው ስለቀዘቀዘ የፋብሪካ መኖውን አቋርጬ በቆሎና ፉርሽካ ብቻ እሰጣቸው ጀመር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የአራቱ ላባ ከራሳቸውና ከአንገታቸው ጀምሮ ይረግፍ ያዘ፤ አሁን ወደ ደረታቸው ወርዷል። የቀሩት ሁለቱ ደግሞ አንገታቸው ደህና ሆኖ ጀርባቸው ተመልጧል። በቀን አምስት እንቁላል እሰበስብ የነበርኩት ሴት ዛሬ አንድ ባገኝ ነው። ቀን ቀን ላባቸውን ገልጬ ብፈትሽም ቅማል አላየሁም። ጎረቤቴ «የሰው ዓይን ነው» ትላለች፤ ሌላ ሰው ደግሞ ለሰብል የሚረጨውን ፀረ ተባይ እንድረጭባቸው መክሮኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ፀረ ተባዩን እባክዎ አይርጩ። ለማሳ የተዘጋጀ ኬሚካል ዶሮዎቹን ሊገድል፣ ባይገድልም ቤተሰብዎ ወደሚበላው እንቁላል ሊገባ ይችላል። የጻፉልን ምልክትም በአብዛኛው የተባይ አይመስልም። የዶሮ ላባ ሲረግፍ «ምን መድኃኒት ልስጥ» ከማለት በፊት «የተራቆተው የትኛው የሰውነት ክፍል ነው» ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ እርስዎ ሁለቱን ለይተው ስለጻፉልን ሥራችንን አቅልለውልናል። በጓሮዎ ያለው አንድ ችግር ሳይሆን ሁለት ነው ብለን እንገምታለን።

አራቱ ዶሮዎች ላባ እየለወጡ ነው። ዶሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 18 ወር ሲሆናት ያረጀ ላባዋን ጥላ አዲስ ታበቅላለች፤ ርግፈቱም ከራስና ከአንገት ተነሥቶ ወደ ደረትና ወደ ጀርባ፣ በመጨረሻም ወደ ክንፍና ጅራት ይሄዳል። የእርስዎ ዶሮዎች ወደ 20 ወር ስለተጠጉ ጊዜያቸው ደርሷል፤ እንዲያውም ትንሽ ዘግይተዋል። በአውሮፓ ይህ የሚሆነው መከር ላይ ቀኑ ሲያጥር ነው። በቢሾፍቱ ግን በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት እምብዛም ስለማይበልጥ፣ እኛ ዘንድ ለውጡን የሚቀሰቅሰው ብዙውን ጊዜ የመኖ መቀየር፣ የውሃ መቋረጥ፣ ከቤት ወደ ቤት መዛወር ወይም እንቁላል ታቅፎ መሰንበት ነው። በእርስዎ ቤት መኖው የተቀየረበትና ላባው መርገፍ የጀመረበት ጊዜ በጣም ተቀራርቧል።

ላባ ከ80 በመቶ በላይ ፕሮቲን ነው። ዶሮ በአንድ ጊዜ ላባም አብቅላ እንቁላልም ልትጥል ስለማትችል፣ ያላትን ወደ ላባው ታዞራለች። እንቁላል ጣይ ዶሮ በመኖዋ ውስጥ ከ16 እስከ 17 በመቶ ፕሮቲን ያስፈልጋታል፤ በቆሎ ያለው ከ8 እስከ 9 በመቶ ብቻ ሲሆን ፉርሽካም ጉድለቱን አይሞላውም። ስለዚህ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞው መኖ ይመልሷቸው። ዋጋው ከከበደዎት በበቆሎው ላይ የኑግና የአኩሪ አተር ፋጉሎ ይቀላቅሉ፤ የኑጉ ፋጉሎ ለላባ የሚፈለገው ሜቲዮኒን የተባለ የፕሮቲን ክፍል ስላለው፣ የአኩሪ አተሩ ደግሞ ኑግ የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ ሌላ የፕሮቲን ክፍል ስለሚሰጥ ሁለቱ ይደጋገፋሉ። በጾም ወራት መኖ መቀነስ በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ላባ ለውጡ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ስለሚወስድ፣ የቆጠቡት ገንዘብ እንቁላል በሚወደድበት በፋሲካ ሰሞን ባዶ ጎጆ ይዞልዎት ይመጣል። እሾህ የመሰለው አዲስ ላባ ውስጡ ደም ስላለበት ሲነኩት ያማቸዋልና እስኪፈነዳ ድረስ ዶሮዎቹን ያለ ምክንያት አይያዟቸው።

የሁለቱ ጀርባ የአውራ ዶሮው ሥራ ይመስላል። አንድ አውራ ዶሮ ከ8 እስከ 10 ለሚሆኑ ሴቶች ይበቃል፤ ሴቶቹ ሲያንሱ ደግሞ የመረጣቸውን ደጋግሞ እየወጣ ጀርባቸውን በጥፍሩ፣ ማጅራታቸውን በአፉ ይጎዳል። ከሥሩ የተነቀለ ላባ ወዲያው መብቀል ይጀምራል፤ ተሰብሮ ግንዱ ቆዳው ውስጥ የቀረው ግን እስከሚቀጥለው ላባ ለውጥ ድረስ አይተካም። ስለዚህ አውራውን ቢለዩትም የሁለቱ ጀርባ ለወራት መላጣ ሊሆን ይችላልና ተስፋ አይቁረጡ። ጫጩት ካልፈለጉ ደግሞ ዶሮ ያለ አውራም እንቁላል ትጥላለች፤ ፋሲካም ስለቀረበ ይህ ችግር በራሱ ጊዜ ድስት ውስጥ መፍትሔ ሳያገኝ አይቀርም። የተራቆተው ከጅራት በላይ ያለው ብቻ ቢሆንና ደም ቢታይበት ግን እርስ በርስ እየተናቀሩ ነው፤ የቆሰለችው እስክትድን ትለይ፣ ለቀሩትም ቦታ ይስፋላቸው።

ተባይ የለም ለማለት የቀን ፍተሻ አይበቃም። ቅንቅን ከምንላቸው አንዱ፣ ቀዩ፣ ቀን በቆጡ ስንጥቅ ተደብቆ ውሎ ማታ ወጥቶ ደማቸውን ይመጥጣል። ከመሸ በኋላ በስልክዎ መብራት ይግቡና የቆጡን ታች በነጭ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ጨርቁ ቀይ ነጠብጣብ ከያዘ አለ ማለት ነው። በፊንጢጣቸው ዙሪያም በላባው ሥር የተጣበቀ ነጭ የቅማል እንቁላል ይፈልጉ። ካገኙ ለዶሮ የተዘጋጀ መድኃኒት ከእንስሳት ሐኪም ይግዙ፣ እንቁላሉ ለስንት ቀን እንደማይበላም ይጠይቁ፤ ቆጡና ስንጥቁ ካልታከመ ግን ዶሮዎቹን ብቻ ማከም ከንቱ ድካም ነው። እናቶቻችን ያስለመዱን የአመድና የደረቅ አፈር መታጠቢያ ተባዩን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ላባው በቀላሉ እየተነቀለ ቆዳው ከወፈረና ቅርፊት ከያዘ፣ ዓይን የማያየው የላባ ሥር ተባይ ሊሆን ስለሚችል ቆዳው ተፍቆ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት፤ ለዚህም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ እዚያው ከተማዎ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ (ከጅማ) ያገር ዶሮዬ ካስፈለፈለቻቸው ዘጠኝ ጫጩቶች አራቱ አንገታቸው ላይ ላባ የለም። እናታቸው ግን ሙሉ ላባ አላት። በሽታ ይሆን?

መልስ፦ በሽታ አይደለም። ባገር ዶሮዎቻችን ዘንድ ጥቁር፣ ቀይ፣ ነጭና ገብስማ እንደምንለው ሁሉ እነዚህን መላጣ እንላቸዋለን። ባሕርዩ በዘር የሚተላለፍ ሲሆን፣ ከእናት ወይም ከአባት ከአንዱ ብቻ ቢወረስም ይታያል፤ ላባቸው ስለሚያንስ ሙቀትን ከሌሎቹ በተሻለ ይቋቋማሉ፣ በብርድ ሌሊት ግን ጫጩቶቹን ሞቅ ያለ ቦታ ያሳድሯቸው። እናቲቱ ሙሉ ላባ ካላት ነገሩ የመጣው በአባት በኩል ስለሆነ፣ በሰፈሩ መላጣ አውራ ዶሮ ያለው ማን እንደሆነ ቢያጠያይቁ ያገኙታል።