ጥያቄና መልስ፦ ግንደ ቆርቁርና መድፍ

ቅዳሜ ጅማ ላይ ቡና ተፈልቶ፣ ጦር በሚሰለጥንበት መሬት ዳር የዱር እንስሳት መተላለፊያ እንዴት እንደሚጠበቅ ስጠየቅ ዋልኩ። ከትዝታዬ እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮሪደር ሲሉ ያው የኮሪደር ልማቱን ነው?

መልስ፦ አይደለም። አስፋልቱን እርሳው። እንስሳ ከጫካ ወደ ጫካ የሚሻገርበት መሬት ነው።

ጥያቄ፦ መድፍ እየተተኮሰ እንስሳ እንዴት ይኖራል?

መልስ፦ እንዲህ ጠይቁኝ እንጂ! አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ፎርት ብራግ የሚባል ትልቅ የጦር ካምፕ አለ። በ2023 ስሙን ለወጡት፣ በ2025 መለሱት። ወፏ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ግንደ ቆርቁር ናት። ጎጆዋን የምትቆፍረው በደረቀ ግንድ ላይ ሳይሆን በሕይወት ባለ፣ ባረጀ ቅጠለ ረጅም ጥድ (ፓይን) ላይ ነው። አንዱን ጉድጓድ ለመጨረስ ዓመታት ይፈጅባታል። ቅጠለ ረጅሙ ጥድ ድሮ 36 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ይሸፍን ነበር። ወደ 1.2 ሚሊዮን ወረደ። ደህናው ጫካ የት ተረፈ? ወታደር ግቢ! ምክንያቱ እሳት ነው። ተኩሱ ሣሩን ያቃጥላል። ይህ ጥድ ደግሞ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ቀለል ያለ እሳት ካላገኘ ሌላ ዛፍ ከሥሩ በቅሎ ያፍነዋል።

ጥያቄ፦ እንግዲያው እኛም እዚሁ ጅማ ያለውን የበለጠ-ጌራ ጫካ...

መልስ፦ እንዳትለኩሱ! የእኛ እርጥብ ጫካ ነው፣ እሳት አይችልም።

ጥያቄ፦ ሠራዊቱ ወፏን ወዶ ነው የጠበቃት?

መልስ፦ ወዶ አይደለም፣ ሊጠፋ የተቃረበ እንስሳ የሚጠብቅ ሕግ ይዞት ነው። ጎጆ ባለበት ዛፍ ዙሪያ ስልጠና ተገደበ። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ቤት በቤት ሆነ። በ1995 ከተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶች ጋር መላ ዘየዱ። ጎረቤቱ ቤት እንዳይሠራበት ውል ይገባል፣ ይከፈለዋል፣ እርሻውንና እንጨቱን ይቀጥላል። ሠራዊቱ ሒሳቡን ይጋራል። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ በሕግ ለመላ አገሪቱ ካምፖች ሆነ። የፎርት ብራግ ወፎች የተያዘላቸውን የቁጥር ግብ በ2006 መቱ፣ ከታሰበው 5 ዓመት ቀድመው። ሠራዊቱም በሌሊት ተኩስ የሚያማርር ጎረቤት ቀነሰለት። ልብ በሉ፣ መተላለፊያው ያ ቤት ያልተሠራበት የጎረቤት መሬት ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ነው።

ጥያቄ፦ ስለ አካባቢ ጥበቃ በጠቅላላው ምን ይላሉ?

መልስ፦ ጥሩ ነው። ቀጥሎ።

የቡና ገበሬው፦ ዝንጀሮ በቆሎዬን ጨርሶታል፤ ጭራሽ መንገድ ልሥራለት?

ተማሪው፦ ጉሬዛን ከዝንጀሮ አትቀላቅሉ። ጉሬዛ ቅጠል በል ነው።

ገበሬው፦ አንተ ማሳ ጠብቀህ ታውቃለህ?

ተማሪው፦ አባቴ ጠብቋል።

ገበሬው፦ እንግዲያው አባትህን ጥራልኝ!

መልስ፦ በቃ፣ ተዉ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ጉሬዛ ኑሮው ዛፍ ላይ ነው። ወንዝ ዳር ያለውን ሰሳና ዋንዛ ከቆረጥክበት መንገዱን ቆረጥክበት ማለት ነው። ዝንጀሮ ግን በእግሩ ይመጣል፣ ዛፍ ኖረ አልኖረ ግድ የለውም።

ጥያቄ፦ የአሜሪካኑን ውል እዚህ መገልበጥ አይቻልም?

መልስ፦ እንዳለ አይቻልም። እዚያ መሬቱ የግል ነው፣ ባለቤቱ መብቱን ይሸጣል። እኛ ጋ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ ገበሬው የመጠቀም መብት ነው ያለው። መገልበጥ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ ዛፉን ላቆመው ሰው መክፈል። በባዶ ኪሱ ጠብቅ ማለት ግፍ ነው።

ጥያቄ፦ ተኩስ ሜዳ ገብቶ ወፍ ማየትስ?

መልስ፦ ያልፈነዳ ጥይት አለ። አትግቡ።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ አርፍጄ ነው። መተላለፊያው ካምፑ ውስጥ ነው?

መልስ፦ ውጭ! ውጭ ነው አልኩ! እስቲ በረካውን አምጡልኝ።