ለላፕቶፕ የትኛው ገመድ አልባ ማውስ ይሻላል? (መልስ)

ደብረ ብርሃን ሆነሽ ለሪፖርትና ለኤክሴል ሥራ ብሉቱዙን ልግዛ ወይስ ባለ ሪሲቨሩን (ዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ የምትሰካ ትንሽ መቀበያ ያለውን) ላልሽው እህቴ፣ እኔ ብሆን ባለ ሪሲቨሩን ነው የምወስደው። ሰክተሽው ይሠራል፣ አለቀ። የብሉቱዙ ጥሩነት የዩኤስቢ ቀዳዳ አይይዝብሽም፤ ግን መጀመሪያ ኮምፒውተርሽ ብሉቱዝ እንዳለው እዪ።

ባትሪው ላይ አስቢበት። ቻርጅ የሚደረገው ያምራል፣ መብራት በጠፋበት ቀን ካለቀብሽ ግን ጉድ ነው። ደብል ኤ የምትባለዋን የግድግዳ ሰዓት ባትሪ የሚወስደውን ከሆነ ሰፈር ካለ ሱቅ ገዝተሽ ትቀይሪያለሽ። ዲፒአዩ (ማውሱን ስታንቀሳቅሺ ጠቋሚው ምን ያህል እንደሚሄድ የሚያሳየው ቁጥር) 1000 ከሆነ ለቢሮ ሥራ በቂ ነው፣ በትልልቅ ቁጥር አትሸወጂ፣ እሱ ለጌም ተጫዋች ነው።

ሳትከፍዪ በፊት እዚያው ሱቅ ሞክሪው፤ አዲስ አበባ ገዝተሽ ከሆነ ለመመለስ 130 ኪሎ ሜትር ነው! የባትሪውን ክዳን ክፈቺ፣ ትንሹ ሪሲቨር ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ከሌለ ተዪው፣ ምክንያቱም የሌላ ማውስ ሪሲቨር ባብዛኛው አይሠራለትም። መሐሉ ላይ ያለውን ጎማ ቀስ ብለሽ አሽከርክሪው፣ ወደ ታች ስታወርጂው ገጹ ወደ ላይ ከዘለለ አትግዢው። ሻጩ መስታወት ባንኮኒ ላይ አድርጎ ሲያሳይሽ ጠቋሚው ቢደናበር ግን ማውሱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፣ ብርሃኑ መስታወት ላይ አይዝለትም፤ ከሥሩ ደብተር አድርጊ።

ቤት ከገባሽ በኋላ ቆረጥ ቆረጥ ካለብሽ ደግሞ ሪሲቨሩን ዩኤስቢ 3 ላይ ከተሰካ ሀርድ ዲስክ አርቀሽ ስኪው። ማውሱና ሪሲቨሩ የሚገናኙበትን የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ የሚረብሸው እሱ ሊሆን ይችላል።