በ21ኛው ቀን ፕሮጄስትሮን 1.1 ለወጣብሽ እህት

እህቴ፣ የወር አበባሽ በ33 ቀን እየመጣ በ21ኛው ቀን ደም ሰጥተሽ ፕሮጄስትሮን (እንቁላል ከወጣ በኋላ የሚጨምረው ሆርሞን) 1.1 ሲወጣ «እንቁላል አትለቂም» ተባልኩ ብለሻል። ቁጥሩን ተይውና መጀመሪያ ቀኑን እንይ።

1. 21ኛው ቀን የሚሠራው በየ28 ቀኑ ለሚመጣላት ሴት ነው። ከዑደትሽ ርዝመት 7 ቀንሺ፤ ያንቺ 26ኛው ነው። እንቁላል የሚወጣው ቀጣዩ የወር አበባ 14 ቀን ገደማ ሲቀረው ስለሆነ፣ ባንቺ 19ኛው ቀን አካባቢ ነው። በ21ኛው ሆርሞኑ ገና መጨመር መጀመሩ ነው። ይህን ሳይጠይቁ ማዘዣ ጽፎ መሸኘት ያናድዳል፤ ለድጋሚው የምትከፍይው አንቺ ነሽ።

ማጣሪያው ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ደም ከሰጠሽ በኋላ የወር አበባሽ በስንተኛው ቀን መጣ? በ7 ቀን ገደማ ከሆነ ምርመራው ጊዜውን ጠብቋል። በ12 ቀን ከሆነ ፈጥኗል፣ ይደገም። ስትቆጥሪ ጠብታውን ተይው፤ በደንብ የፈሰሰበት ቀን 1 ነው። መስከረም 5 ከጀመረሽ 26ኛው መስከረም 30 ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ያለው የፈረንጅ ቀን ከሆነ መልሰሽ ቁጠሪ፣ እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ።

2. መለኪያውን እዪ። ናኖግራም በሚሊ ሊትር በ3.18 ሲባዛ ናኖሞል በሊትር ይሆናል። ጓደኛሽ «የኔ 32 ነው» ብትልሽ፣ በናኖሞል ከሆነ 10 ናኖግራም ማለት ነው። በናኖግራም ከ3 በላይ ከሆነ እንቁላል ወጥቷል። ከዚያ በላይ 8 ነው 14 ነው ብሎ መጨነቅ ከንቱ ነው፤ ሆርሞኑ በየሰዓቱ ከፍ ዝቅ ይላል።

3. ዱፋስቶን (እንደ ፕሮጄስትሮን የሚሠራ ክኒን) እየወሰድሽ ከሆነ ክኒኑ ራሱ በዚህ ምርመራ አይታይም፤ «መድኃኒቱ አልሠራም» ቢሉሽ አትቀበዪ። ለፀጉር ብለሽ ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን የምትወስጂ ከሆነ ግን ለላብራቶሪው ተናገሪ፣ በአንዳንድ ማሽን ውጤቱን ያለ አግባብ ከፍ ያደርጋል።

ጅማ ውስጥ የምትሰጪበት ላብራቶሪ ናሙናውን አዲስ አበባ የሚልክ ከሆነ፣ ሴረሙ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ተለይቶ በቅዝቃዜ እንደሚሄድ ጠይቂ፤ ድጋሚውንም እዚያው ስጪ። ዑደትሽ የሚዘበራረቅ ከሆነ የወር አበባ እስኪመጣ በየሳምንቱ መድገም ነው እንጂ አንዱ አይበቃም።

በትክክለኛው ቀን ተደግሞም ከ3 በታች ከሆነ ቲኤስኤች (የታይሮይድ ምርመራ) እና ፕሮላክቲን (የጡት ወተት ሆርሞን) ይታዘዙልሽ። የባልሽም የዘር ፈሳሽ አብሮ ይመርመር፤ «እኔ ደህና ነኝ» ማለቱ ምርመራ አይደለም።