ኒው ዮርክ ላይ የትኛው ፎቅ ይሻላል ላልሽው

እህቴ፣ ከእናትሽ ጋር ለሁለት ቀን ኒው ዮርክ እንደምትመጪ ጽፈሽ፣ ከተማውን ከላይ ለማየት የሚወጣባቸውን ረጃጅም ህንፃዎች፣ የኢምፓየር ስቴትን፣ የኤጅንና የሰሚትን ትኬት ሦስቱንም ልግዛ ወይ ብለሻል። ዘመድ ሲመጣ ከተማውን የማስጎበኘው እኔ ስለሆንኩ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ሦስቱንም እንዳትገዢ። አንድ ፎቅ ይበቃል፣ የቀረውን ከውሃው ላይ ሆናችሁ እዩት።

የማንሃተን ውበቱ ህንፃዎቹ አንድ ላይ ተሰልፈው ከሩቅ ሲታዩ ነው። ፎቅ ላይ ስትወጪ ግን ሰልፉ መሀል ገብተሽ ቆምሽ ማለት ነው። ጣሪያ ታያለሽ፣ መንገድ ታያለሽ፣ ደስም ይላል። ሦስት ቦታ ስትወጪ ግን ሁሉም ይመሳሰልብሻል፣ ገንዘቡም ቀላል አይደለም።

አንዱን ምረጥልኝ ካልሽኝ ሮክፌለር ሴንተር ያለውን ቶፕ ኦፍ ዘ ሮክን ነው የምልሽ። ኢምፓየር ስቴት ላይ ወጥተሽ እኮ ኢምፓየር ስቴትን አታዪውም! እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ የከተማው መለያ የሆነው እሱ ነው፣ ፎቶሽ ውስጥ እሱ ከሌለ ምኑን ኒው ዮርክ ሆነ? ከሮክፌለር 70ኛ ፎቅ ላይ በደቡብ በኩል ፊት ለፊትሽ ቆሞ ታገኚዋለሽ፣ ዞር ስትዪ ደግሞ ሴንትራል ፓርክ አለ። ላይኛው ወለል ላይ የሚከልል መስታወት ስለሌለ ፎቶው ላይ ነፀብራቅ አይገባም። ኤጅ ከ100ኛ ፎቅ ወደ ውጭ የወጣ በረንዳ ነው፣ ከፍታ ለሚፈራ ሰው አይሆንም። ሰሚት ደግሞ ወለሉም ግድግዳውም መልክ የሚያሳይ መስታወት ነው፣ ፎቶ ለሚወዱ ልጆች ግሩም ነው፤ እዚያ ከሄዳችሁ ግን ቀሚስ አትልበሱ፣ ከታች ሁሉም ይታያል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ወደ ስታተን አይላንድ ሰው የሚያመላልሰው መርከብ፣ የስታተን አይላንድ ፌሪ፣ በነፃ ነው፣ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ከማንሃተን ደቡብ ጫፍ፣ ኋይትሆል ከሚባለው ጣቢያ ነው የሚነሳው። ደጁ አካባቢ ትኬት እንሽጥላችሁ የሚሉ ሰዎች ያጋጥሟችኋል። አትስሟቸው፣ ዝም ብላችሁ ግቡ። ስትሄዱ በቀኝ በኩል ቁሙ፣ የነፃነት ሐውልት የምትታየው በዚያ በኩል ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ መርከቡ ገና ሲነሳ፣ ወደ ኋላ ሂዱ። መጀመሪያ ህንፃዎቹ በጣም ቅርብ ስለሆኑ ጫፋቸውን ለማየት አንገትሽን ታቀኚያለሽ። ሞተሩ ወለሉን እያንቀጠቀጠ፣ ውሃው ከኋላ እየነጣ ትንሽ ራቅ ስትሉ ግን አንድ በአንድ የነበሩት ህንፃዎች ይሰበሰባሉ፣ 541 ሜትር የሚረዝመው ዋን ወርልድ ትሬድ ሴንተር ህንፃ ከሁሉም በላይ ብቅ ይላል፣ የብሩክሊን ድልድይም በጎን ይታያል። ይሄን ያየ ሰው ለምን ሦስት ትኬት እንደማያስፈልግ ይገባዋል። ጉዞው 25 ደቂቃ ያህል ነው። እዚያ ስትደርሱ ሁሉም ሰው የግድ ይወርዳል፣ በመጠበቂያ አዳራሹ በኩል ዞራችሁ ተመልሳችሁ መሳፈር ነው። እናትሽ ጉልበታቸውን ያማቸዋል ስላልሽ ደግሞ ውስጥ ብዙ መቀመጫ አለ፣ በመስኮትም ያያሉ።

የብሩክሊን ድልድይን በእግር መሻገር ብዙ ሰው ይመክርሻል፣ እኔም ለጤነኛ ጉልበት እመክራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1883 የተከፈተ ነው፣ 1.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ መሀል ላይ ደከመኝ ቢባል መውጫ የለውም። ስለዚህ ከእናትሽ ጋር በባቡር ብሩክሊን ሂዱና ከድልድዩ ሥር ያለው መናፈሻ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ማንሃተን ከወንዙ ማዶ ሙሉውን ይታያል። ብቻ ሰዓቱን አስቢበት። ብሩክሊን በምሥራቅ በኩል ስለሆነ ጠዋት ፀሐይዋ ህንፃዎቹን ፊት ለፊት ታበራቸዋለች፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ከኋላቸው ስለምትሆን ይጠቁራሉ። ፀሐይ ገባች ብላችሁ ወዲያው እንዳትነሱ። ሰማዩ ገና ሰማያዊ እያለ የመስኮቶቹ መብራት መብራት ይጀምራል፣ ምርጡ ፎቶ የሚወጣው ያኔ ነው።

ጊዜ ካላችሁ የሴፕቴምበር 11 የሽብር ጥቃት መታሰቢያም ፌሪው ከሚነሳበት ብዙ አይርቅም። ውጭ ያሉትን ሁለቱን ገንዳዎች ለማየት ክፍያ የለም። ዙሪያውን የሟቾቹ ስም በነሐስ ላይ ተቀርጿል። አንዱ ስም ላይ ነጭ ጽጌረዳ ተሰክቶ ካያችሁ የዚያ ሰው ልደት ነው ማለት ነው። እዚያ እየሳቁ ሰልፊ የሚነሱትን እባካችሁ አትምሰሉ።

ስለ ፎቁ አንድ ነገር ልጨምር። ትኬቱ በሰዓት የተቆረጠ ነው፣ የምሽቱ ሰዓት ቶሎ ያልቃል፣ ዋጋውም ይወደዳል። ቀኑን ከመቁረጥሽ በፊት የአየር ትንበያውን እዪ። በዕለቱም ከመንገድ ላይ ሆነሽ ቀና በይ፦ የኢምፓየር ስቴት ጫፍ ደመና ውስጥ ከገባ ላይ ወጥታችሁም የምታዩት ጉም ብቻ ነው። ፀሐይ ከመግባቷ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ውጡ፣ ቀኑንም ምሽቱንም በአንድ ትኬት ታያላችሁ። የምትመጪበትን ወር ግን አልጻፍሽም። በታኅሣሥ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ትገባለች፣ በሰኔ ደግሞ ምሽት 2 ሰዓት ተኩል ድረስ ትቆያለች። ወሩን ንገሪኝና የሁለቱን ቀን ቅደም ተከተል አብረን እናወጣዋለን።