ከሎሚ ቅጠል ጀምሩ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ልጆቹን አስተኝቼ ነው ያነበብኩት። የ7 ዓመት ልጅሽ ያገኘውን ትልና ጢንዚዛ ሁሉ ሀይላንድ ውስጥ ከቶ ቤት ያስገባል። በማግስቱ ይሞትበትና ያለቅሳል። «ቤት ውስጥ ማሳደግ ይቻላል? አደጋስ የለውም? ወይስ ልከልክለው?» ብለሻል። እኛም እዚሁ ጅማ፣ ቆጪ ነን። ከሁለት ልጆቼ ጋር ይህን ከጀመርን 4ኛ ዓመታችን ነው። አትከልክይው። ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽ እኛ የተሳሳትነውን እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ነው።

ልጅሽ የሚያመጣቸው ትሎች አብዛኞቹ የሚሞቱት በረሃብ ይመስለኛል። ብዙ ዓይነት ትል የሚበላው አንድ ወይም ጥቂት ተክል ብቻ ነው። ከአጥር ላይ ያነሳችሁትን ትል ሰላጣ ብትሰጡት አይነካውም፣ እያየው ይሞታል። ስለዚህ ልጁ ትሉን ያገኘበትን ቅጠል ከነቅርንጫፉ ይዞ ይምጣ። ተክሉ የት እንዳለም ይወቅ፣ ነገም ቅጠል ያስፈልጋል። ይቺ ደንብ ብቻዋን የእኛን ቤት ለቅሶ በግማሽ ቀንሳዋለች።

ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ከሎሚ ወይም ከብርቱካን ዛፍ ጀምሩ። ጅማ ውስጥ ሎሚ ያለበት ግቢ አይጠፋም። ለጋ ለጋውን ቅጠል ገልበጥ እያደረጋችሁ እዩ። ክብ፣ ፈዛዛ ቢጫ፣ የስፒል ራስ የምታህል እንቁላል ታገኛላችሁ። ነጠላ ነጠላ ሆና ነው የምትጣለው። ቅጠል ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ነገር ካያችሁም አትለፉት፣ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ትሏ ራሷ ልትሆን ትችላለች። በልጅነቷ ወፍ እንዳይበላት ኩስ መስላ ነው የምታድገው። ቆዳዋን እየጣለች ትሄድና በመጨረሻ አረንጓዴ ትሆናለች፣ ያኔ ደግሞ ቅጠሉን ትመስላለች። ከእሷ የምትወጣው ያቺ አበባ ላይ የምናያት ጥቁርና ፈዛዛ ቢጫ ትልቅ ቢራቢሮ ናት። የሳይንስ ስሟ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ይባላል።

ትንሹ ልጄ መጀመሪያ በጣቱ ሲነካት ከራሷ ኋላ ብርቱካናማ፣ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ቀንድ አወጣችበት። ሽታው ኃይለኛ ነው። ጮኾ ሮጠ። ወዲያው ተመልሶ መጥቶ ሁሉንም በየተራ ልንካ አለ። ቀንዱ ጠላት ማባረሪያዋ ነው፣ ሰውን አይጎዳም። ግን ደጋግሞ መነካካት ያደክማታል። ስለዚህ «በቀን አንዴ ብቻ» የሚል ሕግ አወጣን።

ቤቷን ከባለ 5 ሊትር የዘይት ጄሪካን ሠራን። ጎኑን ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡና በጨርቅ ሸፍኑት። እዚህ ላይ ልብ በይ። እኛ መጀመሪያ የሸፈንነው በአሮጌ አጎበር ቁራጭ ነበር። ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነበር የሚመስለው። በሁለት ቀን ውስጥ 6ቱም ትሎች አለቁ። ልጆቹም እኔም ምክንያቱ አልገባንም ነበር። ለወባ መከላከያ የሚታደለው አጎበር ትንኝ በሚገድል መድኃኒት የተነከረ መሆኑ ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው። ትንኝን የሚገድል ትልንም ይገድላል። ያን ቀን ልጆቼን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። አሁን የምንጠቀመው የታጠበ ስስ የነጠላ ቁራጭ ነው። ቅጠሉንም ተባይ ማጥፊያ ከተረጨ ዛፍ እንዳትወስዱ፣ የጎረቤት ከሆነ ጠይቁ።

ቅርንጫፉን ውኃ ባለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ አቁሙትና አፉን በጥጥ ወትፉት፣ አለዚያ ትሏ ገብታ ትሰምጣለች። ኩሷን በየቀኑ ጥረጉ። በክረምት ቅጠሉ ዝናብ ይዞ ስለሚመጣ በጨርቅ አድርቁት። የኛ ክረምት ታውቂዋለሽ፣ እርጥብ ከተቀመጠ ሁሉም ነገር ይሻግታል።

ወደ ደብተሩ ልምጣ፣ እኔ የምወደው እሱን ነው። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ደብተር ሰጠኋቸው። በየማታው ትሏን በማስመሪያ አጠገቧ ይለካሉ፣ ይስላሉ፣ ቀኑን ይጽፋሉ። ትልቋ አንድ ቀን የቡና፣ የአቮካዶና የሎሚ ቅጠል ጎን ለጎን አስቀመጠች። ትሏ በቡናው ላይ ዞራ አለፈች፣ አቮካዶውንም ተወችው፣ ሎሚው ላይ ስትደርስ መብላት ጀመረች። «ጅማ ተወልዳ ቡና አትወድም!» ብላ ለአባቷ ስትነግረው ምሽቱን ሙሉ ስለዚህ ነበር ያወራነው። አራቱን ደረጃ፣ እንቁላል፣ እጭ (ትሏ)፣ ፑፓ (ትሏ ተሸፍና ወደ ቢራቢሮ የምትለወጥበት)፣ ጉልምስ (ቢራቢሮዋ)፣ ትምህርት ቤት በቃሏ ሸምድዳዋለች። የኛዋ ፑፓ ሆና 19 ቀን እንደቆየች ግን ከደብተሯ ነው የምታውቀው።

ፑፓ ልትሆን ስትል መብላት ታቆማለች፣ ትንከራተታለች። የታመመች እንዳይመስላችሁ። ኋላዋን በሐር ክር ትለጥፍና ወገቧን በሌላ ክር እንደ መቀነት ትታጠቃለች። አረንጓዴ ቅርንጫፍ ላይ የታሰረችው አረንጓዴ፣ ደረቅ እንጨት ላይ ያለችው ቡናማ ሆናብናለች። ከዚህ በኋላ አትንኳት። ቢራቢሮዋ ስትወጣ ክንፏ የተጨማደደ እርጥብ ነገር ነው፣ ተንጠልጥላ የምትዘረጋበት እንጨት ካጣች ተጣሞ ይቀራል። ቀላ ያለ ፈሳሽ ታንጠባጥባለች፣ ደም አይደለም። ክንፏ ሲደርቅ ሎሚው አጠገብ ልቀቋት። ዝናብ ከሆነ ጥጥ በስኳር ውኃ ነክራችሁ አስቀምጡላት፣ ሲያባራ ትሄዳለች።

አማቴ መጀመሪያ «ራሞ (በኦሮምኛ ትል) ቤት ውስጥ?» ብለው ተቆጥተው ነበር። አሁን ጠዋት ተነስተው ጄሪካኑን ቀድመው የሚያዩት እሳቸው ናቸው። «ቢላቻዋ (ቢራቢሮዋ) ወጣች!» ብለው ልጆቹን የቀሰቀሱበትን ጠዋት አልረሳውም።

አንድ ፑፓ ደግሞ ጠቆረችብን። ጠዋት ስናይ ጎኗ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለ። ቢራቢሮ የለም። በምትኩ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማይበልጡ ብዙ ጥቃቅን ተርቦች ጨርቁ ላይ ይርመሰመሳሉ። እናታቸው እንቁላሏን በፑፓዋ ውስጥ ጥላ፣ ልጆቿ ከውስጥ በልተው አድገዋል። ትልቋ «ሰረቁን» ብላ አለቀሰች። ልደብቅባት እችል ነበር፣ ሌላ ፑፓ መተካትም ይቻል ነበር። አላደረግኩትም፣ ደግሞም ደስ ይለኛል። ከሳምንት በኋላ ደብተሯ ላይ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «እነዚህ ተርቦች ባይኖሩ ሎሚያችን ላይ ቅጠል ይቀር ነበር?» ማንም ጠይቂ አላላትም።

አደጋውን በተመለከተ፣ ፀጉራም አባጨጓሬ በባዶ እጅ አይነካ። ፀጉሩ ያሳክካል፣ ዓይን ከገባ ደግሞ ከባድ ነው። ንብና ተርብ ከሩቅ ይታያሉ። ከነኩ በኋላ እጅ በሳሙና መታጠብ አለበት። ልጅሽ ከኩሬ ውኃ የሚወራጩ ትናንሽ ትሎች ቢያመጣ የትንኝ እጭ ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ሁለት ቀን ክዳን ባለው ብርጭቆ ይያቸውና ውኃውን ደረቅ መሬት ላይ ድፉት። ወባ ባለበት አገር ትንኝ ቤት ውስጥ እንዲፈለፈል መተው የለበትም።

ማሳደጉ ለጊዜው ካልተመቻችሁ ደግሞ የቡና አበባን ጠብቁ። ከየካቲት እስከ መጋቢት ዝናብ ጣል ሲያደርግ ቡናው ባንዴ ነጭ ይሆናል፣ ከጥቂት ቀን በላይም አይቆይም። አንድ የቡና ዛፍ ሥር ተቀምጣችሁ ለ10 ደቂቃ ስንት ንብ፣ ስንት ዝንብ፣ ስንት ቢራቢሮ እንዳረፈ ቁጠሩ። ጠዋትና ከሰዓት ያለውን አወዳድሩ። ምንም ወጪ የለውም፣ የሚሞትም የለም።

አሁን ሎሚያችን ላይ 4 ትንንሽ ትሎች አሉ፣ ገና የወፍ ኩስ መስለዋል። ግቢያችሁ ሎሚ ከሌለ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ቅዳሜ ልጅሽን ይዘሽ ነይ። ሁለቱን ከነቅርንጫፋቸው ቆርጬ እሰጠዋለሁ፣ ቅጠልም በየሁለት ቀኑ እየመጣ ይውሰድ።