ቡቺን ለማን ልስጠው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከ2 ዓመት በፊት መኪና ገጭቶት ቱቦ ዳር የወደቀ ቡችላ አንስቼ አሳደግኩ። ስሙ ቡቺ ነው። አሁን የተከራየነው ግቢ ሊፈርስ ስለሆነ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ልንገባ ነው። ባለቤቴ «ሥጋ ቤት አካባቢ እንተወው፣ እዚያ አይራብም» ይለኛል። ሁለት ፈላጊዎች አሉ። አንዱ ሱሉልታ ያለ ዘመዳችን ነው፤ ለጥበቃ ፈልጎታል። ሌላዋ ለቡ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ችግሩ፣ ቡቺ እየበላ ሰው ሲጠጋው ያጉረመርማል። ይህን ከተናገርኩ ማንም የሚወስደው አይመስለኝም። ምን ላድርግ?
ጨነቀኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ የሥጋ ቤቱን ነገር ዛሬውኑ እርሺው። እዚያ ያሉት ውሾች ቦታቸውን ለእንግዳ አይለቁም። ቡቺ ሰው እጅ ላይ ያደገ ነው፤ እየተናከሰ መኖር አይችልም። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል። 55 ቀን ምን ሊበላ ነው?

ማጉረምረሙን ግን ተናገሪ። በዚህ አልደራደርም። ደብቀሽው ነገ አንድ ልጅ ሳህኑ ጋ ሄዶ ቢነከስ፣ ቤተሰቡ የእብድ ውሻ በሽታን ፈርቶ ጤና ጣቢያ ይሮጣል። ቡቺም በዱላ ያልቃል። ጠባዩ መንገድ ላይ በተራበ ውሻ ላይ የተለመደ ነው። ለብቻው ይብላ፣ ሳህኑን አይንጠቁት፣ ልጅ አይጠጋው። ይህን አውቆ የሚወስደው ሰው ነው የሚበጀው።

ከመስጠትሽ በፊት የክትባት ካርዱን እዪ። የእብድ ውሻ ክትባቱ ዓመት ካለፈው አሳድሺለት። ያ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰውም ሆነ ውሻ አይተርፍም። ካልተኮላሸም አሁኑኑ አስኮላሺው።

ከዚያ ሱሉልታ ሂጂና ቦታውን በዓይንሽ እዪ። በስልክማ «ሰፊ ግቢ አለን» የማይል ሰው የለም። ሰንሰለቱ ምን ያህል ይረዝማል? ውሃ የሚቀመጥለት እሱ የሚደርስበት ቦታ ነው? የሱሉልታ ብርድ ቀልድ አይደለም፤ ጣራ ያለው ማደሪያ አለው? ብዙ ቤት ውሻ ቀኑን ሙሉ ታስሮ ይውልና ሌሊት ብቻ ይፈታል። እንዲህ የሚኖር ውሻ የሚጠብቀውንና የሚነክሰውን ሰው መለየት ያቅተዋል። ዘመድሽ ያሰበው ይህን ከሆነ፣ ይሉኝታ ሳይዝሽ እምቢ በዪ።

እኔ ልቤ ወደ መምህርቷ ያደላል። ግን እሳቸውንም ጠይቂ። የልጅ ልጆች ይመጡባቸዋል? ቢታመሙ ማን ያበላዋል? «ከተረፈው ወጥ እሰጠዋለሁ» ካሉሽ በደንብ አስረጃቸው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ደም ይጎዳል፤ የበሰለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ዶሮ ወጥ ሁሉንም ይዟል! እንጀራውን ወጥ ሳይነካው ይስጡት።

ከተስማማችሁ በመጀመሪያ ለ2 ሳምንት ሙከራ ይሁን። ካልሆነላቸው ለሦስተኛ ሰው ሳያስተላልፉ ወደ አንቺ ይመልሱት፤ ይህንንም በጽሑፍ አድርጉት። የሚተኛበትን ጨርቅ ሳታጥቢ አብረሽ ስጪ፤ የለመደው ሽታ ያረጋጋዋል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት የግቢው በር ክፍት እንዳይተው አደራ በያቸው። ውሻ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ያኔ ነው፣ የድሮ ቤቱን ፍለጋ ሲወጣ። የእናንተ ግቢ ፈርሶ ከሆነ ደግሞ መጥቶም የሚያገኘው ሰው የለም። ስለዚህ የአንቺንም የእሳቸውንም ስልክ ቁጥር አንገቱ ላይ እሰሪለት።