ሲሚንቶው ከጭቃው ግድግዳ ላይ ለምን ይረግፋል?

ጥያቄ፦ አምስት ወጣት አርክቴክቶች ነን። ከመደበኛ ሥራችን ውጪ ተሰባስበን ጎጃም ውስጥ ለአንድ የገጠር ቀበሌ የልጆች ማንበቢያ ቤት ሠራን። የአየር ንብረት ጉዳይ ስለሚያሳስበን ብሎኬት ትተን በአገር በቀል እውቀት እንሥራ ተባባልን። ግድግዳው አጣናና ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ውጪውን እንዲጠነክር ብለን በሲሚንቶ ለሰንነው። አንድ ክረምት አለፈና ልስኑ ተሰነጣጠቀ፤ በምዕራብ በኩል በትልልቅ ቁራጭ ወደቀ። ሁለቱ ጓደኞቻችን ቀጣዩን ክፍል በብሎኬት እንሥራ ይላሉ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ደግሞ “ድሮስ ሲሚንቶ ማን አዘዛችሁ?” ይሉናል። ማንን እንስማ? ውጪውንስ ምን ቀለም እንቀባው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሽማግሌዎቹ ትክክል ናቸው። ምክንያቱን ግን ማወቅ አለባችሁ፤ አለበለዚያ ሁለተኛው ክፍል ላይም ያው ችግር ይመጣል።

ጭቃ እርጥበት ይጠጣል፤ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ መልሶ ይለቃል። በክረምት ትንሽ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። ውስጡ ያለው አጣናም እንደዚያው ነው። ሲሚንቶ ግን አንዴ ከጠነከረ ንቅንቅ አይልም። ግድግዳው ሲንቀሳቀስ መከተል ስለማይችል ይሰነጠቃል። በዚያች ቀጭን ስንጥቅ ውሃ ይገባል። የገባው ውሃ በሲሚንቶው አልፎ መውጣት ስለማይችል ከጀርባው ይጠራቀማል። ጭቃውን ያላላዋል፣ ልስኑም የሚይዘው ነገር ያጣል። የምዕራቡ የባሰው በነፋስ የሚገፋው ዝናብ በዚያ በኩል ስለሚመታው ይመስለኛል።

እኔን የሚያሳስበኝ የወደቀው ልስን አይደለም። ያልወደቀው ነው። የወደቀበት ቦታ ቢያንስ ይደርቃል። ሌላው ቦታ ላይ እንጨቱ ሲሚንቶ ጀርባ ተደብቆ እየራሰ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ምርመራ አድርጉ። ልስኑን ከላይ እስከ ታች በጣት አንኳኩት። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ከግድግዳው ለቋል ማለት ነው። ከዚያ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብላችሁ በየማዕዘኑ ልስኑን ስበሩና ቋሚውን እንጨት አግኙት። በካቻቢቴ ውጉት። ብረቱ ያለ ትግል ከገባ እንጨቱ በስብሷል። በእንጨቱ ላይ ከአፈር የተሠራ ቀጭን ቱቦ ካያችሁ ምስጥ ገብቷል። የተበላሸውን ቋሚ ከመንቀላችሁ በፊት ጣሪያውን በጊዜያዊ ድጋፍ ያዙ፤ ይህን ለነገ አትበሉት። አዲሱ አጣና ልጡ የተላጠና በደንብ የደረቀ ይሁን። ነቀዝ ከልጡ ሥር ነው የሚጀምረው።

ሲሚንቶውን በሙሉ አንሱት፤ ደህና የሚመስለውንም ጭምር። መስቀል ካለፈ፣ ዝናቡ ከወጣ በኋላ ጀምሩ። በትልቅ መዶሻ አትደብድቡት፤ ማገሩን ታላላላችሁ። በመሮ ከጎን እየፈለቀቃችሁ አውጡት። ከዚያ ግድግዳውን ተዉት። ሳምንታት ይፈልጋል፤ እስኪደርቅ ታገሱ።

በዚያ መሀል ሥራው ጣሪያ ላይ ነው። በላክሽልኝ ፎቶ ላይ ቆርቆሮው ከግድግዳው የወጣው ከስንዝር ብዙም አይበልጥም። ከጀርባ የሚታየውን አሮጌ ቤት ግን ተመልከቺው። ክዳኑ ወደ ውጪ ሰፋ ብሎ ወጥቷል፤ ሰው ዝናብ ሊጠለልበት ይችላል። ግርጌው እስከ ጉልበት ድረስ ድንጋይ ነው። ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ መሬት መትቶ ሲፈናጠር የሚያገኘው ድንጋዩን እንጂ ጭቃውን አይደለም። እናንተ ከዚያ ቤት ጭቃውን ወሰዳችሁ፤ ክፈፉንና የድንጋዩን ግርጌ ግን ተዋችሁት። ቤቱን ያቆየው የሁሉም አንድ ላይ መሆን ነው።

እንግዲህ የጣሪያውን ጠርዝ ቢያንስ ወደ 80 ሳንቲ ሜትር አውጡት፤ ለነፋስ እንዳይጋለጥ ከግድግዳው ቋሚ ላይ የሚነሳ ሰያፍ ድጋፍ ስጡት። በምዕራብ በኩል በረንዳ መሥራት ከቻላችሁ እጅግ ይሻላል። ልጆቹም ውጪ ተቀምጠው ያነባሉ። አሸንዳ ግጠሙ። የድንጋይ ግርጌውን አሁን ከሥር ማስገባት አትችሉም። ግን ዙሪያውን ያለውን አፈር ዝቅ አድርጋችሁ ቆፍሩ፣ ውሃው ከቤቱ እንዲሸሽ ተዳፋት ስጡት፣ ላዩ ላይ ጠጠር አልብሱት። ጠጠር ላይ የወደቀ ውሃ እንደ ጭቃ አይፈናጠርም። ለሁለተኛው ክፍል ግን የድንጋይ ግርጌ የግድ ነው።

አሁን ወደ ልስኑ እንምጣ። ከየት ነው አፈር ያመጣችሁት? በዚያ አካባቢ ዋልካ ብዙ ነው። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ለልስን አይሆንም። ቀዩን አፈር ፈልጉ፤ የት እንደሚቆፈር ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ። የላዩን፣ ሥርና ቅጠል ያለበትን አፈር ተዉት፤ ከሥሩ ውሰዱ። ከዚያ ፈትሹት። ግልጥ ያለ ሃይላንድ ጠርሙስ ውሰዱ፣ እስከ ሲሶው አፈር ጨምሩ፣ በውሃ ሙሉት፣ ቆንጠር አድርጋችሁ ጨው ጣሉበት፣ በደንብ ናጡትና አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ከሥር ይቀመጣል። ደቃቁ አፈር በሰዓታት ውስጥ ይከተላል። ሸክላው መጨረሻ ላይ፣ ምናልባት በማግስቱ ይረጋል። ሸክላው ከበዛ አሸዋ ጨምሩ።

ምን ያህል አሸዋ? ይህን በጽሑፍ ልነግርሽ አልችልም፤ ማንም አይችልም። ግድግዳው ራሱ ነው የሚነግራችሁ። በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆኑ አራት መሞከሪያዎችን ለስኑ። አንዱ ለአንድ አፈር አንድ አሸዋ፣ ሌላው አንድ ለሁለት፣ ሦስተኛው አንድ ለሦስት፣ አራተኛው ደግሞ ሽማግሌዎቹ በሚሉት መጠን ይሁን። በየአንዳንዱ ላይ መጠኑን ጻፉበት። ሲደርቁ የተሰነጠቀውን፣ በእጅ ሲታሽ የሚራገፈውን፣ ሁለቱንም ያላደረገውን ታያላችሁ።

ጭዱ የጤፍ ይሁን። ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ጭቃውን ከሁሉም አቅጣጫ ይይዘዋል። ለከብት መኖነት ስለሚፈለግ ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ከአጨዳና ከውቂያ በኋላ ቀደም ብላችሁ ግዙ። ከዚያ ደግሞ ከተማ ያደገ ባለሙያ የሚቸኩልበት ነገር አለ። ጭቃው ዛሬ ተቦክቶ ዛሬ ግድግዳ ላይ አይወጣም። ከጭዱ ጋር ተረግጦ፣ ውሃ እየተጨመረለት፣ ተሸፍኖ ሳምንት ያህል ይቆያል። በየመሀሉ እንደገና ይረገጣል። ልክ እንደ ጤፍ ሊጥ ጊዜ ይፈልጋል። ጭዱ መበስበስ ሲጀምር የሚያጣብቅ ነገር ይለቃል፤ ጭቃው እየጠቆረ ይሄዳል፣ ይሸታል። ሽታው ሲመጣ ሠራተኛው ተበላሸ ብሎ እንዳይደፋው ንገሩት።

ሲለሰን በሦስት ጊዜ ነው። ግድግዳውን ጫር ጫር አድርጋችሁ አርጥቡት። የመጀመሪያው ወፈር ብሎ፣ በኃይል ተጭኖ ይመረግ። ይሰነጠቃል፤ ይሰንጠቅ፣ ችግር የለውም። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ሁለተኛው ስንጥቁን ይሞላዋል። ሦስተኛው ስስ ነው፤ የተነፋ አፈር፣ ደቃቅ ጭድና እበት።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ። ስታማክሩ ያነጋገራችሁት ማንን ነው? ደብዳቤሽ ላይ ያሉት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። ወንዶቹ ቋሚ ያቆማሉ፣ ይማግራሉ፣ ይከድናሉ። ልቅለቃውን፣ ወለሉንና የግድግዳውን የመጨረሻ እጅ ግን በብዙ ቦታ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ግድግዳው ከዝናብ ጋር የሚገናኘው በዚያ በመጨረሻው ንብርብር ነው። አንዲት እናት ጭቃ ሲፈትሹ አይቻለሁ። ጭብጥ አድርገው መዳፋቸው ላይ ጠፍጠፍ አደረጉት፣ እጃቸውን ገለበጡት፣ ትንሽ ጠበቁ። ጭቃው ሳይወድቅ ሲቀር ብቻ ሥራ ጀመሩ። የት የተቀመጠ እበት እንደሚሻል፣ አመድ መቼ እንደሚገባ፣ እጅ በየት አቅጣጫ እንደሚሄድ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ስብሰባው ላይ ካልጠራችኋቸው የእውቀቱን ግማሽ አልሰማችሁም።

የብሎኬቱን ክርክር በተመለከተ፣ ጓደኞችሽን አልወቅስም። ያዩት የወደቀ ልስን ነው። ግን የወደቀው ጭቃው ሳይሆን ሲሚንቶው ነው። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይን ከሌላ ማዕድን ጋር እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በማሞቅ ነው። ነዳጁ ብቻ ሳይሆን ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከዚህ ኢንዱስትሪ ነው። በዚያ ላይ ከፋብሪካ እስከ እናንተ ቀበሌ በመኪና ይጓዛል። አፈሩ ግን እዚያው ነው ያለው። ሲሚንቶ ፈጽሞ አትንኩ አልልም። ለውሃ ማጠራቀሚያና ለመጸዳጃ ቤት ወለል ይሁን። ጭቃ ማልበስ ግን ሥራው አይደለም።

አርክቴክቱ ዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ በተወለደበት መንደር፣ ቡርኪና ፋሶ ጋንዶ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ያጠናቀቀውን ትምህርት ቤት ሁላችሁም በትምህርት ላይ አይታችሁታል። የመንደሩ ሰው መጀመሪያ የአፈር ሕንፃ ዝናብ ይችላል ብሎ አላመነውም ነበር። ሲሠራ ግን አብሮት ሠራ። ፎቶውን እንደገና አውጡትና ጣሪያውን ብቻ እዩ። ከግድግዳው በላይ ከፍ ብሎ፣ ወደ ጎን በሰፊው ወጥቷል። ብሎኬቶቹ ትንሽ ሲሚንቶ የተቀላቀለባቸው የአፈር ብሎኬቶች ናቸው፤ ሲሚንቶን ግን እንደ ውጪ ልስን አላለበሰባቸውም። ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2022 በአርክቴክቸር ታላቅ የሚባለውን የፕሪትዝከር ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነው።

ሌላው ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፈትሂ ነው። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሉክሶር አጠገብ አዲስ የጉርና መንደር ሲሠራ፣ የጭቃ ጡብ ጣሪያ ከሥር በእንጨት ሳይደግፉ የሚገነቡ የኑቢያ ግንበኞችን ከደቡብ ግብፅ አመጣ። ሥራቸው ድንቅ ነበር። የጉርና ሰዎች ግን አብዛኞቹ ወደዚያ መግባት አልፈለጉም፤ ኑሯቸውና ገቢያቸው የነበረው ድሮ በሚኖሩበት ቦታ ነው። የሌላ አካባቢ ሰው እውቀት ማምጣት ቤቱ ውስጥ የሚኖረውን ሰው ከመጠየቅ አያድንም። እናንተም ጭቃ ስለመረጣችሁ ብቻ ቀበሌውን ጠይቃችኋል ማለት አይደለም።

ስለዚህ ለሁለተኛው ክፍል አምስታችሁ አምስት ስኬች ይዛችሁ አትሂዱ። ባዶ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ሙሉ ቀን ግንበኛውን፣ አናጺውንና ለቅላቂዋን ይዛችሁ ሦስት አሮጌ ቤቶች ዙሩ። የቱ ቦታ ቀድሞ እንደሚበላሽ፣ በየስንት ዓመቱ እንደሚታደስ ጠይቁ። የክፈፉን ስፋትና የድንጋዩን ከፍታ ለኩ። ዲቴይሉን እዚያው መሬት ላይ በትክክለኛ ልኩ ሥሉትና “ይህ ይሆናል?” በሉ። እነሱ በእንጨት ጫፍ ያስተካክሉላችኋል። ከዚያ ብቻ ወደ ኮምፒውተር ግቡ።

ለዚህ ቀን ክፈሏቸው። ለስትራክቸር መሐንዲስ የምክር ክፍያ በጀት ውስጥ እንደምትይዙት ለእነሱም ያዙ። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ስማቸውን ስዕሉ ላይ አስፍሩ። “ኅብረተሰቡ ተሳትፏል” የሚል አንድ መስመር አይበቃም።

የተበላሸውንም አትደብቁት። እ.ኤ.አ. በ2019 እንግሊዝ ውስጥ የተጀመረው አርክቴክትስ ዲክሌር የሚባለው የአርክቴክቶች ንቅናቄ ከገባቸው ቃሎች አንዱ እውቀትና ምርምርን በነፃ መካፈል ነው። የወደቀውን ልስን ፎቶ፣ የአፈሩን ፍተሻ፣ የአራቱን መሞከሪያ ውጤት ለሌሎች አርክቴክቶች ስጡ። ዘንድሮም በሌላ ወረዳ ጭቃ ላይ ሲሚንቶ ሊለስን የተዘጋጀ ቡድን መኖሩ አይቀርም።

እድሳቱን ደግሞ ከአሁኑ ስዕሉ ላይ አስገቡት። የጭቃ ቤት በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ይታያል፣ የተጎዳው ይነካካል። ማሊ ውስጥ የጄኔን ታላቅ መስጊድ ሕዝቡ በየዓመቱ ወጥቶ በጭቃ ይለስነዋል። ከግድግዳው የወጡት እንጨቶች ለዚያ ሥራ መወጣጫ ይሆናሉ። እናንተም ጋ ደቦ አለ። ቤቱን ስታስረክቡ ማን እንደሚጠራ፣ አፈሩ ከየት እንደሚመጣ፣ ጭዱን ማን እንደሚያዋጣ ከቀበሌው ጋር ተስማምታችሁ ጻፉት።

ቀለሙን በተመለከተ፣ የፕላስቲክ ቀለም አትቀቡ። እንደ ሲሚንቶው እርጥበቱን ውስጥ ያስቀረዋል። የኖራ ቅብ ይሻላል። ኖራውን ወደ ውሃ ጨምሩ እንጂ ውሃ ኖራ ላይ አታፍስሱ፤ ይፈላል፣ ይፈናጠራል። መነጽርና ጓንት አድርጉ፣ ልጆችን አርቁ። እስኪቀዘቅዝ ቆዩና እንደ ወተት አቅጥናችሁ፣ ግድግዳውን በመጠኑ አርጥባችሁ፣ ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ስስ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ቀቡ። ለምዕራቡ ግድግዳ አንድ ሁለት እጅ ጨምሩለት።